«ማን ያሳድግልሻል?»



ውድ እህት ወንድሞች፣ ስለ እናት ሐቅ በሙሐደራዎቻችን ያልተባለ የለም ማለት ይቻላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መልካም ልንውልለት የሚገባን ሰው ማን እንደሆነ ሲጠየቁ እናትን ሦስት ጊዜ አስቀድመው አባትን በአራተኛ ደረጃ መጥራታቸውን ፍሬሽ ተማሪ እንኳ በቃሉ ያውቀዋል። ነገር ግን «እናት» ሲባል በሐሳባችን የምትመጣው ሴት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናት። ቆማ እንጀራ የምትጋግር፣ ውኃ ቀድታ የምትመጣ፣ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ገበያ የምትወርድ ናት። በክራንች የምትሄደዋ፣ በልጅነቷ ፖሊዮ እግሯን አስልሎት በእጆቿ እየዳኸች ቤቷን የምታስተዳድረዋ፣ በመኪና አደጋ አንድ እጇን ያጣችዋ እናት በዚህ ሥዕል ውስጥ የለችም። እሷን የምናስታውሳት ስለ ሰደቃ ስናወራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ እሷ፣ ማለትም ስለ አካል ጉዳተኛ እናትና ስለምናይበት ዓይን መነጋገር ፈልገናል።

ነገሩ ከትዳር ይጀምራል። አንድ ወንድም አካል ጉዳተኛ እህት ሲያገባ በሠርጉ ላይ ከሚሰሙት ቃላት አንዱ «ማሻአላህ፣ ለአላህ ብሎ ነው ያገባት» የሚል ነው። የሚናገሩት ሰዎች ክፋት የላቸውም፤ እንዲያውም ያመሰገኑት ይመስላቸዋል። እስኪ ቃሉን ከሙሽራይቱ ጎን ተቀምጠን እንስማው። ለአላህ ብሎ ያገባት ከሆነ እሷ ምን ሆነች? ሰደቃ ተቀባይ ሆነች። በዒልሟ፣ በጠባይዋ፣ በዲኗ መርጧት ሊሆን እንደሚችል ለማንም አልታየውም። እሷስ ለአላህ ብላ ያገባችው ቢሆን? ሰውየው ቁጡ፣ ሥራ የማይወድ፣ ሶላት ላይ የሚሰንፍ ሊሆን ይችላል፤ ታግሣ የምትኖረው እሷ ልትሆን ትችላለች። ይህንን ግን የሚል የለም።

ከዚያ ታረግዛለች። «እንኳን ደስ አለሽ» ከማለት ይልቅ የሚቀድመው ጥያቄ «ማን ያሳድግልሻል?» ነው። ጎረቤት ይጠይቃታል፣ የባል እናት ትጠይቃለች፣ አንዳንዴም ጤና ጣቢያ ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰ ባለሙያ ይጠይቃታል። ያላገባች መስሏቸው «ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?» የሚሉም አሉ። እርግዝናዋ በራሷ ፈቃድና ደስታ የመጣ መሆኑ ለብዙዎች አይታሰባቸውም። ስትወልድ ደግሞ «አልሐምዱሊላህ፣ የሚጦራት አገኘች» ይባላል። ሕፃኑ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ሥራ ተሰጠው ማለት ነው። ልጇ ለሌላ እናት ልጅ ነው፤ ለእሷ ግን ገና ሲወለድ ምርኩዟ ተደርጎ ይታያል።

ከመካከላችን በእንዲህ ዓይነት እናት ያደገ ወንድም አለ። እናቱ መቆም አትችልም፤ ጉሊት ተቀምጣ ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጠች እሱንና ሁለት እህቶቹን አስተምራለች። ስለ አስተዳደጉ የጠየቀው ሰው ሁሉ ወሬው አንድ ዓይነት መሆኑን በሳቅ ይነግረናል። «ማን አሳደገህ?» ይሉታል። «እናቴ» ይላል። «አይ፣ ማለቴ… ያሳደገህ ሰው?» ይሉታል። በድጋሚ «እናቴ» ይላል። ከዚህ በኋላ ሰዎቹ ወይ ዝም ይላሉ፣ ወይ «አያት ነበረቻችሁ?» ብለው ይቀጥላሉ። ጠዋት ለትምህርት የምትቀሰቅሰው፣ ቁርኣን ቤት ሳይሄድ ቢቀር የምትቆጣው፣ የወር ኪራይ የምትከፍለው፣ ጉንፋን ሲይዘው ሌሊት የምትነቃው እሷ እንደሆነች ቢዘረዝርም የሚያሳምን አይመስለውም። የሰዎቹ ጥያቄ ስለ አስተዳደግ ሳይሆን ስለ እግር ነውና።

ማሳደግ ምንድን ነው? መሸከም ነው ካልን አዎ፣ አንዳንዷ እናት ልጇን ይዛ ደረጃ መውጣት አትችልም። ይሁን እንጂ ማሳደግ በአብዛኛው ሌላ ነገር ነው። ብልሃትም አለው። በክራንች የምትሄድ እናት ሁለት እጇ ስለተያዘ ሕፃኑን በፎጣ ወይም በአንቀልባ ጀርባዋ ላይ አጥብቃ ታስራለች። እየዳኸች የምትሠራ እናት ቤቷን ከወለሉ ትጀምራለች፤ ምድጃዋ፣ ማሰሮዋ፣ የልጁ ልብስ ሁሉ እጇ የሚደርስበት ዝቅታ ላይ ነው። እሷን የሚያስቸግራት ከፍ ብሎ የተሠራው የምጣድ ማስቀመጫና በቁመተ ረጅም ሰው ልክ የተተከለው የውኃ ቧንቧ ነው። ማየት የተሳናቸው እናቶች ዳዴ በሚል ልጃቸው እግር ላይ ትንሽ ቃጭል አስረው የት እንዳለ በድምፅ ይከታተሉታል። ልጆቹም ቶሎ ይለምዳሉ፤ እናታቸው ሮጣ እንደማትይዛቸው ሲያውቁ ስትጠራቸው መምጣትን ይማራሉ። ስንት ሯጭ እናት ልጇን በአንድ ጥሪ ማስመጣት አቅቷት ስትጮህ እንሰማለን!

«ቢሆንም እርዳታ ያስፈልጋታል» የሚል ወንድም ይኖራል። ልክ ነው፤ ያስፈልጋታል። በአገራችን እርዳታ ሳታገኝ ልጅ ያሳደገች እናት ግን ማን ናት? አራስ ሴት አርባ ቀን ከቤቷ ሳትወጣ እናቷ፣ እህቷ፣ ጎረቤቷ ገንፎውንና አጥሚቱን ሠርተው ያቀርቡላታል፤ ልጁን ያጥቡላታል፤ እንግዳ ይቀበሉላታል። የአራስ ጥሪ የማንም ቤት ልማድ ነው። አራሷን ግን «አቅም የላትምና መውለድ አልነበረባትም» የሚላት የለም። የከተማዋ እናት ሞግዚት ትቀጥራለች፤ የገጠሯ እናት ታላቅ ልጇን ሞግዚት ታደርጋለች። ይህም እርዳታ ነው። አካል ጉዳተኛዋ እናት ላይ ሲደርስ ብቻ ያው እርዳታ ማስረጃ ይሆንባታል። ለሌላዋ የወግ ጉዳይ የሆነው ለእሷ የአቅመ ቢስነት ምልክት ይሆናል።

አባትስ? በጦርነት እግሩን አጥቶ የተመለሰ አባት በየሠፈራችን አለ። አግብቷል፣ ወልዷል፣ ይከበራል። «ማን ያሳድግልሃል?» ያለው ሰው አልሰማንም። ለምን? ሚስት አለቻ! ስለዚህ ጥያቄው ስለ አካል ጉዳት ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉልን። ሴት ልጅ ሌላውን እንድታገለግል የተፈጠረች ናት፣ ማገልገል ካልቻለች ደግሞ ቦታ የላትም የሚል ያልተነገረ ሐሳብ ከሥሩ አለ።

ይህ ሐሳብ ከዲናችን የመጣ ነው እንዳይባል፣ ዲናችን የሚለው ሌላ ነው። በሱረቱ ሉቅማን አላህ (ሱ.ወ) ስለ እናት ሐቅ ሲያወሳ የጠቀሰው በድካም ላይ ድካም ተሸክማ ማርገዟን ነው። ልብ ብሎ ላነበበው ሰው ይህ ብዙ ይነግረዋል። እናት የተመሰገነችው በጉልበቷ አይደለም። ድክመቷ በራሱ የክብሯ ምክንያት ሆኖ ተወሳ። እኛ ዘንድ ግን ደካማ መሆኗ እናትነቷን የሚቀንስ ሆኖ ተገኘ።

ከሰሓቢያት መካከልም ምሳሌ አለን። ነሲባ ቢንት ከዕብን፣ ኡሙ ዑማራን (ረ.ዐ) የማያውቅ የለም። በዐቀባ ቃል ኪዳን ከተገኙት ሁለት ሴቶች አንዷ ናት። በኡሑድ ቀን ሰዉ ሲበተን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ቆማ ስትከላከል ብዙ ቦታ ቆሰለች። ልጇ ሐቢብ ሐሰተኛው ሙሰይሊማ ዘንድ ተልኮ በግፍ ተገደለ። ከዚያም እሷ ራሷ ወደ የማማ ዘምታ እጇ ተቆረጠ። የታሪክ ጸሐፍት እንደሚያወሱት አቡበክር (ረ.ዐ) ኸሊፋ ሆኖ ሳለ እየሄደ ይጠይቃት ነበር። በሙሐደራ ላይ ኡሙ ዑማራ ስትነሳ ሁላችንም በወኔ እንሰማለን፤ ታሪኩ ግን እጇ በተቆረጠበት ሜዳ ላይ ያበቃል። ከየማማ በኋላ ወደ ቤቷ ተመልሳ በአንድ እጅ ኖራለች። በአንድ እጅ ልብሷን ለብሳለች፣ ውዱእ አድርጋለች፣ የቀረ ልጇን ጉዳይ አይታለች። ያቺ ኡሙ ዑማራ አካል ጉዳተኛ እናት ነበረች። የዛሬዋን ባለ አንድ እጅ እናት በታክሲ ሰልፍ ላይ ብናያት ኡሙ ዑማራ ትዝ ትለናለች? ወይስ ኪሳችን ውስጥ ሳንቲም እንፈልጋለን?

የሳንቲሙን ነገር ሳናነሳ አናልፍም። በጁምዓ ቀን በመስጂድ በር ላይ ልጅ ታቅፈው የሚለምኑ አካል ጉዳተኛ እናቶች አሉ፤ ችግራቸው እውነተኛ ነው፣ ሰደቃውም አጅር አለው፤ ይቀጥል። ግን ከዚያ በር ላይ ያየነውን ሁሉም ቦታ ይዘነው እንዞራለን። ክራንች ይዛ ልጇን አዝላ ታክሲ የምትጠብቅ አስተማሪ እጇ ላይ ብር ሲደረግላት ምን እንደሚሰማት አስቡ። አንዲት እህታችን የነገረችን ይህንን ነው፤ ከባንክ ደመወዟን አውጥታ እየተመለሰች ነበር። ልጇ አራት ዓመቱ ነው። «እማዬ፣ ሰውዬው ለምን ብር ሰጠሽ?» ብሎ ጠየቃት። ምን ትመልስ? ያ ደግ ሰው አጅር አግኝቶ ሄደ፤ ልጁ ግን እናቱ ከሌሎች እናቶች የተለየች መሆኗን በዚያች ቀን ተማረ። የማናውቀውን ሰው ከመስጠታችን በፊት ሰላም ብንለው ምን ይጎድልብናል? የተቸገረ ራሱ ይነግረናል።

በሱረቱል ሑጁራት አንዱ ሌላውን እንዳያላግጥ፣ በመጥፎ ቅጽል እንዳይጠራራ ተከልክሏል። ሆኖም በየሠፈሩ ልጆች «የአንካሳዋ ልጅ»፣ «የሽባዋ ልጅ» እየተባሉ ያድጋሉ። የሚሉት ሌሎች ሕፃናት ብቻ ቢሆኑ ባልከፋ፤ ከትልልቆቹ ሰምተው ነው። ልጁ ስም አለው። እናቱም ስም አላት። በሙስሊሙ ወግ «ኡሙ እገሌ» ብሎ በልጇ መጥራት አክብሮት ነው፤ እኛ ግን ልጁን በእናቱ እግር እንጠራዋለን።

የጤና ተቋማቱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ለጤና ተማሪዎቻችን ግን ሁለት ቃል አለን። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 23 ስለ ቤተሰብ ነው። አካል ጉዳተኞች የማግባት፣ ቤተሰብ የመመሥረት፣ የልጆቻቸውን ቁጥር በራሳቸው የመወሰን መብት እንዳላቸው፣ መንግሥትም በልጅ አስተዳደግ ሊያግዛቸው እንደሚገባ፣ በወላጅ አካል ጉዳት ምክንያት ብቻ ልጅ ከወላጁ እንዳይነጠል ይደነግጋል። ስለዚህ ነገ ነጭ ጋውን ስትለብሱ «ለምን አረገዝሽ?» ብላችሁ መጠየቅ ነውር ብቻ ሳይሆን አገሪቱ ከፈረመችው ሕግ ጋር መጋጨት ነው። እናቲቱ ከእናንተ የምትፈልገው ሌላ ነው። የማዋለጃው አልጋ ለእሷ ከፍ ይላል፤ ዝቅ የሚል ካለ አምጡላት፣ ከሌለም እንዴት እንደምትወጣ ራሷን ጠይቋት። ቆማ መመዘን ካልቻለች ሚዛኑን የምታልፍበት ምክንያት የለም፤ ተቀምጦ የሚመዘንበትን ፈልጉ። ከእሷ ጋር ስለ እሷ ተነጋገሩ እንጂ አብራት ከመጣችው እህቷ ጋር አትነጋገሩ። ይህን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም።

አሁን ወደራሳችን ግቢ እንምጣ፤ ምርቃት ደርሷልና።

ከዘንድሮ ተመራቂ እህቶች አንዷ እናቷን ለምርቃት እንደማትጠራ ሰምተናል። ያፈረችባት ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። እናትየዋ በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። ልጅቷ ከአውቶብስ መናኸሪያው እስከ አዳራሹ ያለውን መንገድ በአእምሮዋ ደጋግማ ለክታዋለች። የት ጋ ደረጃ እንዳለ፣ የት ጋ ኮብልስቶኑ እንደተነቀለ፣ ሽንት ቤቱ የትኛው ፎቅ ላይ እንደሆነ ታውቃለች። በመጨረሻ የደረሰችበት ውሳኔ «እናቴ ፎቶውን ታይልኛለች» የሚል ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ላሳደገች እናት የሚደርሳት ፎቶ ብቻ ሊሆን ነው።

የኛ ጀመዓ የተመራቂዎች መሸኛ ፕሮግራምም አለ። በብዙ መስጂዶችና አዳራሾች የሴቶች ቦታ ፎቅ ላይ ነው፤ የሚወጣውም በጠባብ ደረጃ ነው። ለሒጃብ ተብሎ የተደረገ ስለሆነ ዓላማውን አንነቅፍም። ሆኖም በዚያ ደረጃ ላይ መውጣት የማትችል እናት ለሶላትም ለደስታም በሩ ተዘግቶባታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሶላት ላይ እያሉ የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ ለእናቱ ጭንቀት አዝነው ሶላቱን ያሳጥሩ ነበር። ሶላት የሚያህለውን ነገር ለእናት ሲሉ አሳጠሩ፤ እናቲቱን ልጇን ይዛ ቤቷ እንድትቀር አላዘዟትም። ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ተቀምጦ ያልቻለ በጎኑ እንዲሰግድ የፈቀደ ዲን ተከታዮች ሆነን ሳለ የሲሚንቶ ደረጃ ሊያሸንፈን አይገባም።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ስናነሳ «ችግር የለም፣ አራት ሆነን ከነወንበሯ ተሸክመን እናወጣታለን» ብለዋል። ጀዛኩሙላሁ ኸይረን፣ ንያችሁን አላህ ይቀበላችሁ። ግን እስኪ አስቡት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን ሸፍና የኖረች እናት፣ ባዕድ ወንዶች ሰው ሁሉ እያያት በአየር ላይ ሲያነሷት፣ ልብሷ ሲዛነፍ፣ ልጇ ከኋላ ስትመለከት። የእናንተን እናት እንዲህ ቢያደርጓት ደስ ይላችኋል? ከዚያ ይልቅ ፕሮግራሙ ወደ እሷ ይውረድ። ምድር ቤቱ በመጋረጃ ተከፍሎ ግማሹ ለእህቶችና ለእናቶች ይሁን፤ ፎቁ ለወጣት ወንድሞች ይሁን፤ እነሱ ደረጃ መውጣት ይችላሉ። ሒጃቡም ይጠበቃል፣ እናቶችም ይገባሉ።

ስለ መግቢያው ደግሞ የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎቻችን ያውቁታል። የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱት ጭምር የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዟል። በተለምዶ የሚሠራበት የተዳፋት መጠን ለአንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ርዝመት ነው። ከፊት ለፊቱ ያሉት ሦስት ደረጃዎች እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆኑ ከፍታው 45 ነው፤ መወጣጫው 5 ሜትር ከ40 ይሆናል። ለአንድ ቀን ከእንጨት ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። ለድግሱ ኬክ ከሚወጣው ብዙ አይበልጥም ብለን እንገምታለን፤ ቢበልጥም ኬኩ ይቅር።

ስለዚህ ለፕሮግራም ኮሚቴው ያቀረብነው ሐሳብ ይህ ነው። የቤተሰብ መጥሪያ ወረቀቱ ላይ «ወላጅዎ ለመግባትና ለመቀመጥ የሚፈልጉት ምቹ ሁኔታ ካለ ይግለጹልን» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ከመናኸሪያው የሚቀበሉ ሁለት እህቶች ከነባጃጁ ይመደቡ። ሽንት ቤቱ ቀድሞ ይታይ። መድረክ መሪው አካል ጉዳተኛ እናት ሲያይ «ይህቺ ጀግና እናት…» ብሎ ሰው ሁሉ እንዲያጨበጭብላት እንዳያደርግ አስቀድሞ ይነገረው፤ እንደ ማንኛዋም እናት ልጇ ስትጠራ እልል ትበል፣ ፎቶ ትነሳ፣ ምሳዋን በልታ ትመለስ።

የመግቢያውን ልኬት የምንወስደው የፊታችን ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ሜትርና እንጨት ሥራ የሚያውቁ ወንድሞች፣ በመናኸሪያ ለመቀበል ፈቃደኛ የሆኑ እህቶች፣ እንዲሁም ወላጆቻችሁን ለመጥራት እያመነታችሁ ያላችሁ ተመራቂዎች እስከ ረቡዕ ማታ ለእህቶች ዘርፍ ስማችሁን አስመዝግቡ። ያቺ እህታችን የአውቶብስ ትኬቱን ገና አልቆረጠችም።